የቤት ባለቤት፣ የመሬት እንግዳ፦ ስለ ሊዝ ዘመን መታደስ

በበርበሬ በረንዳ ለነጋዴዎችና ለአካባቢው ነዋሪዎች የተነገረ የሕዝብ ትምህርት



ከማረቆ የመጣ የዛላ በርበሬ ጆንያ ሲራገፍ ቀለሙን ሳያይ፣ ሽታውን ሳያሸት፣ አንዱን ዛላ በጣቱ ሰብሮ እርጥበቱን ሳይመረምር ዋጋ የማይቆርጥ ነጋዴ፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን ገንዘብ አውጥቶ ሱቅ ወይም በፎቅ ላይ ያለ መኖሪያ ቤት በሚገዛበት ቀን ግን በውሉ ላይ የተጻፈውን የዘመን ቁጥር ሳያነብ ሲፈርም ማየት ብዙ ጊዜ ያስገርመኛል። ስለ ካሬው ስፋት ይጠይቃል፤ ስለ ፎቁ ቁጥር፣ ስለ ውኃውና ስለ መብራቱ ይጠይቃል፤ ቤቱ የቆመበት መሬት ለስንት ዓመት እንደ ተሰጠ፣ ከዚያ ዓመት በኋላም ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ስላልተጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የሊዝ ዘመን ሲፈጸም እንዴት ይታደሳል፣ እንዲታደስ የሚጠይቀው ማን ነው፣ ዋጋውስ በምን ይታወቃል የሚል ነው።

አስቀድመን የቆምንበትን ምድር ታሪክ በጥቂቱ እንመልከት። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሬቷ ለመኳንንቱና ለጦር አለቆች በየሰፈሩ ተደለደለ፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማም በዐፄ ምኒልክ መንግሥት የወጣው የመሬት ደንብ የከተማው ቦታ እንዲገዛና እንዲሸጥ በር ከፈተ። ገበያው ያን ጊዜ እዚህ አልነበረም፤ በአራዳ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ኢጣሊያኖች ከተማይቱን በያዙ ጊዜ ያገሬውን ሰው ከአውሮጳውያን ለይቶ ለማስፈር ባሰቡት ፕላን መሠረት ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውረው ይህን ስፍራ ሰጡት፤ ጠላት በአምስት ዓመቱ ሄደ፣ ገበያው ግን መርካቶ ከሚለው ስሙ ጋር ቀረ።

ከነፃነት በኋላ በነበረው ዘመን የከተማ ቦታ እንደ ርስት ይወረስ፣ ይሸጥ፣ ይለወጥ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ያወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ሻረው። የከተማ ቦታ በሙሉ የመንግሥት ሆነ፤ ስለ ቦታው ካሳ አልተከፈለም፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተከለከለ፤ ትርፍ ከተባሉትም ቤቶች ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበረው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። በመርካቶ ዛሬም የቀበሌ ቤት፣ የኪራይ ቤቶች ቤት እየተባለ የሚጠራው ሱቅ ሁሉ የዚያች የሐምሌ ቀን ልጅ ነው። ከአባቶቻችን ብዙዎቹ በዚያ ቀን የተማሩት ትምህርት የይዞታ ወረቀት ከመንግሥት ፈቃድ በላይ ዕድሜ የለውም የሚል ነበረ፤ ስለዚህም ይመስለኛል ልጆቻቸው ወረቀቱን ማንበብ እንደ ከንቱ ድካም የሚቆጥሩት። ይህ አሳብ ግን የሊዝ ሥርዓት ከመጣ ወዲህ ትክክል አይደለም፤ በሊዝ የተያዘ መሬት ሕይወቱም ሞቱም በወረቀቱ ላይ ተጽፏልና።

የሊዝ ሥርዓት የመጣው በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ነው። በማግሥቱ ዓመት የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ40ኛው አንቀጹ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደ ሆነና እንደማይሸጥ፣ እንደማይለወጥም ደነገገ። መሬት የማይሸጥ ከሆነ ከተማ በምን ይታነጻል ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ፣ መሬቱን ሳይሆን በመሬቱ የመጠቀምን መብት በተወሰነ ዘመን፣ በውል፣ በዋጋ መስጠት የሚል ሆነ። ያ አዋጅ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 272 ተተካ፤ እርሱም በኅዳር 2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 ተተካ። በሀያ ዓመት ውስጥ ሦስት አዋጅ! ስለዚህ የሊዝ ውል በእጁ ያለ ሰው ከሁሉ በፊት ውሉ የተፈረመበትን ቀንና በዚያ ቀን የጸናውን ሕግ ለይቶ ማወቅ አለበት።

የ2004ቱ አዋጅ ዘመኑን እንደ አገልግሎቱ ለይቶ ሰፈረ። ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት ሰጠ፤ በአዲስ አበባ ለትምህርትና ለጤና 90፣ ለኢንዱስትሪ 70፣ ለንግድ 60 ዓመት ሰጠ። ለሃይማኖት ተቋም የተፈቀደው እንደ መኖሪያ ቤት 99 ነው፤ እንግዲህ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ መካከል ሱቁን የከፈተ ነጋዴ ከሁለቱም ጎረቤቶቹ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያነሰ ዘመን ተሰፍሮለታል ማለት ነው። በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጸሎት ከንግድ ይልቅ ረጅም ዘመን ቢሰጠው ተገቢ ነው። ነገር ግን ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ የሆነ ሕንፃ ባለበት ሰፈር፣ በላይኛው ፎቅ የሚኖር ሰው «ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው» የሚለውን በጆሮው ብቻ ሰምቶ እንዳይቀመጥ አሳስባለሁ። የሚገዛው በውሉ ላይ የተጻፈው አገልግሎትና ዘመን ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የአዋጁ 19ኛ አንቀጽ የሊዝ ዘመን ሲያበቃ በዚያን ጊዜ ባለው የሊዝ መነሻ ዋጋና በሌሎችም መስፈርቶች መሠረት ሊታደስ ይችላል ይላል። «ሊታደስ ይችላል» እንጂ «ይታደሳል» አላለም። ዘመኑ እንዲታደስለት የሚሻ ባለይዞታ ዘመኑ ከሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ከዐሥር ዓመት ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለበት። ለምሳሌ በ2005 ዓ.ም. ለንግድ በ60 ዓመት የተፈረመ የመርካቶ ውል በ2065 ዓ.ም. ያበቃል፤ የማመልከቻው በር በ2055 ተከፍቶ በ2063 ይዘጋል። ውሉን በሠላሳ ዓመቱ የፈረመ ነጋዴ በሩ በሚከፈትበት ቀን የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ነው፤ ዕድሜ ሰጥቶት ከቆየ እሰየው፤ ካልቆየ ግን ማመልከቻውን የሚጽፈው ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ይሆናል፤ ያም ልጅ አባቱ በየትኛው ሣጥን ምን ወረቀት እንዳስቀመጠ ላያውቅ ይችላል። የሊዝ መታደስ ጉዳይ ከሌሎች የውል ጉዳዮች ሁሉ የሚለየው በዚህ ነው፤ ግዴታው የሚወድቀው ባልፈረመው ሰው ላይ ነው።

ማመልከቻ የቀረበለት አካል ውሳኔውን በአንድ ዓመት ውስጥ በጽሑፍ ማሳወቅ ይገባዋል፤ ዓመቱ አልፎ መልስ ካልሰጠ ዘመኑን ለማደስ እንደ ተስማማ ይቆጠራል። ይህ ድንጋጌ ሳነበው ደስ የሚያሰኘኝ ነው፤ በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ ስንጠና ዝምታን እንደ እንቢታ መቁጠር ለለመድን ለእኛ፣ ዝምታ እሺታ ነው የሚል ሕግ ማግኘት ትልቅ ነገር ነውና። ነገር ግን ከዚህ ድንጋጌ የሚጠቀመው ማመልከቻውን የሰጠበትን ቀን ማስረዳት የሚችል ሰው ብቻ ነው። የመዝገብ ቁጥርና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ በእጁ የሌለው ሰው፣ ከዓመት በኋላ «ያመለከትኸው መቼ ነው?» ሲባል ምን ይመልሳል?

ዋጋውን በተመለከተ፣ ማደስ ማለት በነፃ መቀጠል ማለት እንዳልሆነ ማወቅ ይገባል። የሚከፈለው በፊርማው ቀን የነበረው ዋጋ ሳይሆን በሚታደስበት ቀን ያለው የሊዝ መነሻ ዋጋ ነው፤ ይህም መነሻ ዋጋ ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ እንዲከለስ አዋጁ አዝዟል። በመርካቶ መሬት ላይ የሀምሳና የስድሳ ዓመት ክለሳ ምን እንደሚያደርግ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ይህ ዘመንን በዋጋ የመለካት ጥበብ ለዘመናችን አዲስ ይመስላል እንጂ ጥንታዊ ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ የተሠራውን የኢዮቤልዩ ሥርዓት የሚያስታውስ ሰው፣ መሬት ለዘለዓለም እንዳይሸጥ መከልከሉን፣ ሃምሳኛው ዓመት ሲደርስም እያንዳንዱ ወደ ርስቱ እንዲመለስ መታዘዙን፣ ከዚህም የተነሣ ገዢ የሚከፍለው ዋጋ እስከ ኢዮቤልዩ በቀሩት ዓመታት ቁጥር እንዲለካ መደንገጉን ያውቃል፤ የተሸጠው አፈሩ ሳይሆን የመከሩ ብዛት ነበርና። ከዚያው ምዕራፍ ውስጥ ብዙ ሰባኪ የማያነሣው፣ ለእኛ ለከተማ ሰዎች ግን ይበልጥ የሚነካን ሌላ ነገር አለ፤ በቅጥር በታጠረች ከተማ ውስጥ ቤቱን የሸጠ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተቤዠው ቤቱ ለገዢው ጸንቶ ይቀራል፣ በኢዮቤልዩም አይመለስም። ለገጠር መሬት የሚራራው ሕግ በከተማ ቤት ላይ ሲደርስ ቀን ቆራጭ ሆነ።

በሊዝ የተያዘ ቤት ዋጋ ዘመኑ ሲያልቅ በድንገት የሚወድቅ የሚመስለው ሰው ካለ የሆንግ ኮንግን ታሪክ ይመልከት። እንግሊዞች ከቻይና እ.ኤ.አ. በ1898 ለ99 ዓመት የተከራዩት አዲሱ ግዛት ዘመኑ የሚያበቃው በ1997 ነበር፤ ጭንቀቱ ግን የጀመረው ከዚያ ሀያ ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው፤ በዚያ ምድር ላይ የተሰጠ የይዞታ ውል ሁሉ ከ1997 ሊያልፍ ስለማይችል፣ ዐሥራ አምስት ዓመት የሚቆይ የቤት ብድር መስጠት ለባንኮች አስጊ እየሆነ መጣ። የሆንግ ኮንግ አስተዳዳሪ ሰር መሪ ማክልሆስ እ.ኤ.አ. በ1979 ቤይጂንግ ሄዶ ነገሩን ያነሣው ይህ ችግር ስለ ገፋው ነው። ይህም የሚያስረዳን የሊዝ ዘመን የሚያረጀው ከባንክ መዝገብ ውስጥ ጀምሮ መሆኑን ነው፤ የቀረው ዘመን ከብድሩ ዘመን ሲያንስ ገዢው በብድር መግዛት አይችልም፣ በብድር የሚገዛ ሲጠፋም ሻጩ የጠየቀውን አያገኝም።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ በፎቅ ላይ ያለ ቤት የሚሸጠው በአብዛኛው በእንዲህ ያለ የዘመን ውል ነው፤ መሬቱና ሕንፃው የመሬቱ ጌታ ንብረት ሆኖ ይቀራል፣ ገዢው የሚገዛው የዘመን ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ሕግ ለፎቅ ቤት ባለይዞታ በቀረው ዘመን ላይ 90 ዓመት የማስጨመር መብት ሰጠው፤ ጌታው ቢወድም ባይወድም፣ በሕግ የተሰላውን ዋጋ ተቀብሎ ዘመኑን ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የሚከፈለው ዓመታዊ የመሬት ኪራይ፣ በዚያ አገር የሕግ ልማድ፣ አንዲት ፍሬ ቁንዶ በርበሬ ነው! በርበሬ በረንዳ ተቀምጣችሁ ይህን ስትሰሙ መሣቃችሁ አይቀርም፤ ሕጉ ግን ቀልድ አልያዘም፤ ውል ያለ ዋጋ እንዳይባል ያህል፣ የምትናቅ አንዲት ፍሬ በውሉ ላይ ትጻፋለች፤ ማንም ግን አይሰበስባትም። ዘመኑ ከ80 ዓመት በታች ከወረደ የማደሻው ስሌት ስለሚከብድ፣ የነቃ ባለይዞታ 80 ሳይደርስ ይንቀሳቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ ጭማሪውን ወደ 990 ዓመት ለማድረስ ደንግጓል።

ከዚህ በፊት እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣ ሌላ የእንግሊዝ ሕግ ሙሉ ቤት የያዙ የዘመን ባለይዞታዎች መሬቱን ጭምር እንዲገዙ ፈቅዶ ነበር። በለንደን ሰፊ መሬት ያለው የዌስትሚንስተር መስፍን ንብረት ጠባቂዎች ይህን ሕግ በመቃወም እስከ አውሮጳ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው እ.ኤ.አ. በ1986 ተረቱ። በዚያ አገር ጌታው አንድ ወገን፣ ባለይዞታው ሌላ ወገን፣ ሕግ አውጪው ደግሞ በመካከላቸው የሚፈርድ ሦስተኛ ወገን ነው፤ ስለዚህ ጌታውን ማስገደድ ይቻላል። በእኛ አገር ግን የመሬቱ ጌታ መንግሥት፣ ሕጉን የሚያወጣው መንግሥት፣ ማመልከቻውን ተቀብሎ የሚወስነውም መንግሥት ነው። ታዲያ ጌታው ራሱ ሕግ አውጪ በሆነበት ስፍራ ባለይዞታውን ማን ይጠብቀዋል? ቻይናም መሬት ሁሉ የመንግሥት ወይም የማኅበር የሆነባት አገር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው የንብረት ሕግ የመኖሪያ ቤት መሬት ዘመን፣ ይኸውም 70 ዓመት፣ ሲያልቅ ያለ ማመልከቻ በራሱ እንዲታደስ በመደንገግ ለዚህ ጥያቄ በከፊል መልሳለች፤ የማደሻው ክፍያ ነገር ግን ለሌላ ሕግ ተትቷል።

የእኛ መልስ፣ ቢኖር፣ ያለው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ነው። ያው 40ኛው አንቀጽ መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ካደረገ በኋላ በ7ኛው ንኡስ አንቀጽ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ በሠራው ቋሚ ንብረት ሙሉ መብት እንዳለው፣ መሸጥ፣ መለወጥና ማውረስ እንደሚችል፣ የመጠቀም መብቱ ሲቋረጥም ንብረቱን የማንሣት፣ ወይም የማዛወር፣ ወይም ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል፤ ዝርዝሩንም ለሕግ ይተዋል። ዝርዝሩን የሠራው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ዘመኑ ሳይፈጸም መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ቢፈለግ ካሳ እንዲከፈል አዘዘ፤ ዘመኑ አልቆ ሳይታደስ ሲቀር ግን ካሳ አይከፈልም፣ ባለይዞታው ንብረቱን አንሥቶ መሬቱን ያስረክባል አለ። የጭቃ ቤት ከሆነ ቆርቆሮውንና በሩን አንሥቶ መሄድ ይቻላል፤ ስምንት ፎቅ የሲሚንቶ ሕንፃ ግን እንዴት ይነሣል? በእኔ አስተያየት «ማንሣት፣ ማዛወር ወይም ካሳ» ብሎ ሦስት በር የከፈተ ሕገ መንግሥት ባለበት፣ ሁለቱን ዘግቶ የማይቻለውን አንዱን ብቻ የሚተው ዝርዝር ሕግ ከርትዕ ጋር አይስማማም። ዛሬ ይህን ማንሣት የሚገባው የጊዜ ርቀት ስላለን ነው፤ ክርክሩ የሚነሣው ዘመኑ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው ከሆነ የሚከራከረው ቤቱን ሊያጣ የደረሰ ሰው ብቻ ይሆናል፤ አሁን ግን ባለሥልጣኑም፣ ነጋዴውም፣ ባንኩም በእርጋታ ሊነጋገሩበት ይችላሉ።

«እኔ መሬቱን ከሊዝ ሥርዓት በፊት የያዝሁ ነባር ባለይዞታ ነኝ፤ ይህ ሁሉ አይመለከተኝም» የሚል ሰው በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ። ለእርሱ የምለው አጭር ነው፤ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ በማናቸውም መንገድ ሲተላለፍ መሬቱ በሊዝ ሥርዓት ሥር ይገባል። ለልጅህ ብታወርስ ነባር ነው፤ ለጎረቤትህ ብትሸጥ ሊዝ ነው፤ ገዢህም ዋጋ ሲቆርጥ ይህን ያሰላል።

በመጨረሻ ስለ ፎቅ ቤቶች ልናገር፤ ነገሩ ከሁሉ የሚወሳሰበው በዚህ ነውና። በአንድ መሬት ላይ አንድ ቤት ባለበት ስፍራ የሚያመለክተው አንድ ሰው ነው። በ1995 ዓ.ም. በወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ መሠረት የሚተዳደር ሕንፃ ግን እያንዳንዱ ቤት የየባለቤቱ ሆኖ፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው የሁሉም ነው፤ ከሕንፃው ሥር ያለው መሬትም ለአንዱ ቤት ብቻ ተቆርጦ የሚታደስ ነገር አይደለም። አራተኛው ፎቅ ታድሶ ሦስተኛው ሳይታደስ ሊቀር አይችልም። በመርካቶ ደግሞ ብዙ ነጋዴ በአክሲዮን ተደራጅቶ የቆየበትን ሱቅ አፍርሶ ሕንፃ ሲሠራ፣ በሊዝ ውሉ ላይ የሚጻፈው የማኅበሩ ስም እንጂ የባለሱቁ ስም አይደለም፤ ባለሱቁ ያለው አክሲዮን ነው። እንግዲህ በማመልከቻው ዘመን ከባለአክሲዮኖቹ እኩሌቶቹ ሞተው፣ ወራሾቻቸው በየአገሩ ተበትነው፣ የቀሩት ደግሞ «ዋጋው በዛ፣ አናድስም» ብለው ቢከፋፈሉ፣ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ምን ይላል? ማደሻውን ገንዘብ ማን ያዋጣል፣ በካሬ ነው ወይስ በአክሲዮን ብዛት? ያላዋጣ ሰው ሱቁን ይዞ ይቀጥላል ወይስ አክሲዮኑ ይሸጣል?

ስለዚህ የምመክረው በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሊፈጸም የሚችል ነገር ነው። በደንባችሁ ላይ አንድ አንቀጽ ጨምሩ፤ የሊዝ ዘመኑ የሚያበቃበትን ቀን በግልጥ የሚጽፍ፣ ማመልከቻውን የማቅረብ ግዴታ በበሩ መክፈቻ ዓመት ላይ ባለው የቦርድ ሰብሳቢ ላይ የሚጥል፣ ለማደሻ የሚሆን ገንዘብ ከየዓመቱ ትርፍ ተቀንሶ በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ የሚያዝ፣ ውሳኔውም በስንት ድምፅ እንደሚጸና የሚወስን ይሁን። የሊዝ ውሉ ዋና ቅጂ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቻ አይቀመጥ፤ በዚህ ሰፈር እሳት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቅጂው በእያንዳንዱ ባለአክሲዮን እጅ ይድረስ፤ ሲወርስም ወራሹ ከአክሲዮኑ ሰርተፊኬት ጋር አብሮ ይረከበው። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ፤ ውላችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁም የዘመኑን ቁጥርና የፊርማውን ቀን አብረን እናያለን።